ያለ ሟች የተነፋ ጡሩምባ

የለቅሶ ሥርዓታችን ሁሉን አስቦ የጨረሰ ነው ብዬ አምን ነበር። የድንኳኑ በር በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ወንዶች የት፣ ሴቶች የት እንደሚቀመጡ፣ ካህናት ሲገቡ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ንፍሮው መቼ እንደሚዞር፣ ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ድንኳኑን ከየት ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማልቀስ እንደሚጀምር ሳይቀር፣ ማንም ጽፎ ባይሰጠንም ሁላችንም እናውቀዋለን። አባቶቻችን አንድ ነገር ብቻ ዘንግተዋል። ሟቹ ራሱ በእግሩ ቢመጣ የት ይቀመጣል? ከሐዘንተኞች ጋር ነው ወይስ ከአስተዛዛኞች ጋር? ወንበርስ የሚለቅለት ማን ነው?

ጥያቄውን ለጨዋታ ያህል ያነሣሁት እንዳይመስላችሁ። ደርሶብኝ ነው።

ክፍሌ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አንኮበር፣ የተማርሁት ደብረ ብርሃን፣ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁትም እዚያው ደብረ ብርሃን በመጋዘን ኃላፊነት ነው። ትምህርቴን ያጠናቀቅሁት፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ሲያልፍ ሌላው መንገድ ይለቅለት በነበረበት ዘመን ነው፤ ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን ለማስታወስ ነው። ቀጥ ብዬ ስለምሄድ የሰፈራችን ወጣቶች «የጋሽ ክፍሌ አንገት ውስጥ ብረት አለ» ይባባላሉ አሉ። ብረት የለም። አስተዳደግ ነው። የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ነኝ፤ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ያረቀቅሁትም እኔው ነኝ። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣብኛለች።

ከሙዚቃ ጋር ያለኝ ግንኙነት በመከባበር ላይ የተመሠረተ ነበር፤ እኔ አልነካውም፣ እሱም አይነካኝም። ያደግሁት በካህን ቤት ነው። በእኛ ቤት ዜማ ማለት በቤተ ክርስቲያን ቆመው የሚያደምጡት ነገር ነበር፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ዘፈን ነው፤ ዘፈን ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ ነው። በሠርግ ላይ አጨበጭባለሁ። ያውም በልክ።

ልጄ ስለሺ ግን እንዲህ ዓይነቱን አጥር አያውቅም። ስለሺ ዛሬ ጢሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሙሉ ሰው ነው፤ ቁመቱም ከእኔ ይበልጣል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግን ነገር ሁሉ ዘገየበት፤ መሄዱም ዘገየ፣ መናገሩም ዘገየ፣ ንግግሩማ ከጥቂት ቃላት አላለፈም። ሐኪሞቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት አሉት። ሰፈሩም የየራሱን ስም አወጣለት። እኛ ስለሺ እንለዋለን።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ ሰው ካልሲን ቀላል ነገር አድርጎ ያየው ይሆናል። በእኛ ቤት ካልሲ ጦርነት ነበር። ባለቤቴ አስካለ በየማለዳው ተንበርክካ እግሩን ትይዛለች፤ እሱ ይጮኻል፤ በመዳፉ ግንባሩን ይመታል፤ አንዱ ካልሲ ገብቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ እናትም ልጅም በላብ ይጠመቃሉ፤ ያ ሁሉ ብርድ እያለ። ጩኸቱ ከአጥር ውጭ ስለሚሰማ እንግዳ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻም ጎረቤት እኛን ሰላም የሚለው በር ላይ ቆሞ ሆነ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እመልስ ነበር፤ ቀጥ ብዬ።

ታናሽ እኅቱ ጽጌ መምህርት ናት። አንድ ቀን እንደ ስለሺ ያሉ ልጆች ወላጆችና ዘመዶች ከተሰበሰቡበት ቦታ ተመልሳ፣ ካልሲውንም፣ መታጠቡንም፣ መብላቱንም በዜማ እንድንሞክረው ባለሙያዎች እንደ መከሯት ነገረችን።

«ታዲያ ባለሙያዎቹ ያዘዙት መድኃኒት ዘፈን ነው?» አልኋት።

«መድኃኒት አላሉም አባባ። ይቀለዋል ነው ያሉት።»

«ዘፈን የሚቀለው ለሰካራም ነው» አልሁና ሬዲዮዬን ከፍ አደረግሁ። ዜና ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጽጌ ከወንድሟ ፊት ተቀምጣ፣ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን ነገር ማንጎራጎር ጀመረች። «ቀኝ እግር ግባ፣ ቤትህ ሞቋል፤ ግራ እግር ና፣ ወንድምህ ገብቷል።» ግጥም ነው ብዬ አልከራከርላትም። ነገር ግን ሁለተኛውን ጊዜ ስትደግመው ስለሺ መጮኹን ተወ። በሦስተኛው፣ እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ታግላ ያልያዘችውን ያን ቀኝ እግሩን፣ በገዛ ፈቃዱ ዘረጋ።

ደነገጥሁ። የሻይ ብርጭቆዬ በእጄ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። አስካለ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ምን እንዳደረገች አልጠየቅሁም፤ ስትመለስ ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ፊት መታጠብ ዜማ ወጣለት፤ ምሳ ዜማ ወጣለት፤ ከቤት መውጣትና መግባት ሳይቀር ዜማ ወጣለት። ቆይቼ እንደ ተረዳሁት፣ የተነገረ ቃል ለስለሺ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ የሚወረወር ድንጋይ ነው። ዜማ ግን መነሻው ይታወቃል፣ መድረሻውም ይታወቃል፤ መቼ እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ አይፈራውም። ግንባሩን መምታቱን ጨርሶ ተወ ብላችሁ እዋሻለሁ፤ ቀነሰ። ውኃ ሲጠማው ይጮኽ የነበረው ሰው ውኃን በዜማ መለመን ጀመረ። ሰው ሲመጣ ወደ ጓሮ ይሸሽ የነበረውም በሩ ላይ ቆሞ ማየት ጀመረ።

ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ፣ እያንዳንዳችንን በየራሳችን ዜማ መጥራት መጀመሩ ነው። የእናቱ ዜማ ረጋ ያለ ነው፤ ስፌት ስትሰፋ የምታንጎራጉራትን ወስዶ ነው። ጽጌን በካልሲው ዜማ ይጠራታል። ውሻችን እንኳ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለች ዜማ አለችው። የእድሩ ጸሐፊ አቶ መኩሪያ፣ በሕይወቱ አንድ ቀን ወደ ቤቴ ገብቶ የማያውቀው ጎረቤቴ መኩሪያ፣ እሱም ዜማ አለው፤ መጨረሻዋ ላይ እንደ ራሱ እንደ መኩሪያ ትስላለች።

እኔ የለኝም።

የቤቱ አባወራ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ዜማ የለኝም። ነገሩ ይቆጠቁጠኝ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውቅም አልፈለግሁም። የተከበረ ሰው ዜማ አይለምንም። ከውጭ ስገባ ግን ካፖርቴን ለማውለቅ ከሚያስፈልገው ጊዜ ጥቂት አስበልጬ እቆም ነበር፤ ምናልባት ዛሬ ይመጣል እያልሁ። ስለሺም በእርግጥ አንድ ነገር ያሰማ ነበር፤ ከጉሮሮው የሚወጣ፣ ወፍራም፣ ረዥም፣ ቅርጽ የሌለው ነገር። ማጉረምረም መስሎኝ ነበር። አስካለም ያን ጊዜ ፈጥና «ና ስለሺ፣ ምሳ ብላ!» ትለዋለች፤ ምሳ ከበላ በኋላም ቢሆን።

አሁን ወደ ጡሩምባው ልምጣ።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ደጀኔ ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤታችን ነው። አንድ አባል ሲያርፍ በየመንደሩ እየዞረ ጡሩምባውን አስረዝሞ ይነፋል፤ ቀጥሎም የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል። እናንተዬ፣ ጡሩምባ ከመሣሪያዎች ሁሉ የሚለየው ልምምድ የሌለው መሆኑ ነው። ክራር የሚማር ሰው ጎረቤት ያስቸግር ይሆናል እንጂ ሰው አይገድልም። የእድር ጡሩምባ የሚለማመድ ግን በተለማመደ ቁጥር አንድ ሰው ያስቀብራል። ስለዚህ ደጀኔ፣ ስለሺ መሣሪያውን እንደሚወድ ባየ ጊዜ፣ ከከተማው ወጣ አድርጎ፣ በግ ብቻ ወደሚሰማበት ሜዳ ይወስደውና ያስነፋው ነበር። ስለሺ ከዚያ ሲመለስ ፊቱ በርቶ፣ ትከሻው ለቆ፣ ሰላማዊ ሰው ሆኖ ነው። እኔ ይህን የማውቀው እንደ አባት ነው። እንደ ሊቀመንበር አላውቅም።

ያ ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ እኔ አንኮበር ነበርሁ። የሟች ወንድሞቼ ልጆች በአንዲት የገብስ ማሳ ድንበር ተካስሰው፣ አስታርቃቸው ዘንድ ጠርተውኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ እመለሳለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። አልታረቁም። ዐሥር ጊዜ አስቀመጥኋቸው፣ ዐሥር ጊዜ ተነሥተው ሄዱ። በዚህ ላይ ያ የአንኮበር ጉም ወርዶ መንገዱን ዋጠው፤ ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ የሚነሣ መኪና ጠፋና አደርሁ። ስልኬን፣ ሽማግሌ ፊት ስልክ ሲጮኽ ነውር ነው ብዬ ስለማምን፣ ዘግቼው ነበር። መልሼ መክፈቱን ረሳሁት።

የሚከተለውን በኋላ የሰማሁት ነው።

ስለሺ ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ራቱን አልበላም አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አስካለ ወደ ማኅበሯ ሄደች፤ ጽጌ ዳቦ ልትገዛ ወጣ አለች። ደጀኔ ቤቱን ከፍቶ ጓሮ ነበር። ስለሺ ገባ፤ ጡሩምባውን ከምስማሩ ላይ አወረደ፤ በእኛ በር ፊት ቆሞ ወደ አንኮበር መውጫ ፊቱን አዞረና ነፋው። አነፋፉ እንከን አልነበረውም አሉኝ፤ ረዥም፣ ጥርት ያለ፣ ሆድ የሚያባባ። በግ ያሠለጠነው ሰው ነዋ።

እስቲ ራሳችሁን በሰፈሩ ቦታ አድርጉ። ጡሩምባ ተነፋ። ስም አልተጠራም። የነፋው የሊቀመንበሩ ልጅ ነው። የተነፋው ከሊቀመንበሩ በር ነው። ሊቀመንበሩ ትናንት ሊመለሱ ነበር፤ አልተመለሱም። ስልካቸው ሲደወል ያቺ ሴትዮ የደወሉላቸውን ሰው አያገኙም ትላለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሐዘንተኛን «እርግጠኛ ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ደግሞ በእኛ ሰፈር የለም፤ ደጀኔም አልጠየቀም። ድንኳኑ ወጣ። አግዳሚ ወንበሮቹ ወጡ። ንፍሮው ተጣደ።

ጽጌ ዳቦዋን ይዛ ስትመለስ ሴቶቹ ደረት እየደቁ ተቀበሏት።

«ማን ነው የሞተው?» ብላ ጮኸች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ፤ የአባትሽን መርዶ ወንድምሽ ነው ያረዳን።»

«አባባ እኮ አንኮበር ነው ያሉት!»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን። መኪና ልከናል።»

ልጅቷ ስልክ ሞከረች፤ ያቺው ሴትዮ መለሰችላት። እሷም ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። አስካለን ደግሞ ለባል መርዶ በድንገት አይነገርም ተብሎ ማንም አልነገራትም፤ የማኅበር ጓደኞቿ ከበዋት፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ «ትንሽ ተጫወቺ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል» እያሉ አቆይተዋታል።

እኔ በዚህ ጊዜ በሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ደብረ ብርሃን እየተመለስሁ ነው። ጉሙ ገለጥ ባለበት አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሌላ ሚኒባስ ከፊታችን መጣ። ውስጡ ነጭ በነጭ ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከፊት ወንበር ላይ አቶ መኩሪያ ተቀምጧል። ከኋላውም የእድሬ አባላት!

ደሜ ፈላ። አንኮበር ውስጥ የእድራችን ሰው ሞቶ፣ መኪና ተንቀሳቅሶ፣ ሊቀመንበሩ አልተጠየቀም! ያለ እኔ ፈቃድ መኪና እንዲወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ በደንቡ ውስጥ የለም፤ እኔ ስለ ጻፍሁት አውቃለሁ። መንገዱን ሙሉ በሚቀጥለው ስብሰባ መኩሪያን ምን እንደምለው ሳሰናዳ መጣሁ። ንግግሬ ሦስት ክፍል ነበረው። እየተንገጫገጭን ከተማው ስንገባ ሦስተኛውን ክፍል እያሳመርሁ ነበር።

ወርጄ፣ ካፖርቴን አስተካክዬ፣ ወደ ሰፈሬ ታጠፍሁ።

ድንኳኑ በእኔ በር ላይ ነው።

ያን ጊዜ የሆንሁትን በጨዋ አማርኛ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለሺ ነው አልሁ። ሌላ ሰው አልመጣልኝም፤ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም። ወደ ጎዳና ወጥቶ መኪና ገጭቶት ነው፤ ግንባሩን መትቶ ነው፤ እየጠበቀኝ ነው። ያ ሁሉ ንግግር፣ ሦስቱም ክፍል፣ ከራሴ ጠፋ። በውስጤ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዜማዬን ሳያወጣልኝ ሄደ የሚል። ብረት አለበት የተባለው አንገቴ ደረቴ ላይ ወደቀ። ሰዎች፣ ለቅሶ ላይ እርምጃውንና ድምፁን የሚለካ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከዘራዬን መንገድ ላይ ጥዬ፣ «ልጄን! ልጄን!» እያልሁ፣ እየሮጥሁ ነው ወደ ድንኳኑ የገባሁት።

ለካስ አልቃሿ እማሆይ ዘነበች ስለ እኔ እያወረዱልኝ ኖሯል። ቀና ብሎ የሄደው ሰው ምነው ተጋደመ በሚለው ላይ ደርሰው፣ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ቤቱን ሳይመቱት ቀሩ።

አንድ አግዳሚ ወንበር ከነተቀማጮቹ ተገለበጠ። አንዲት ሴት በጩኸት ከድንኳኑ ወጣች። የሰበካችን ቄስ መስቀላቸውን ወደ እኔ አነጣጥረው፣ ወደፊትም ወደ ኋላም ሳይሉ ቆሙ። እኔም «ልጄ የት አለ?» እያልሁ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ሁሉ አንገት እይዛለሁ፤ የያዝሁት ሰው ሁሉ ያማትባል። እኔ እነሱን፣ እነሱ እኔን እያየን፣ ማን ማንን ማጽናናት እንዳለበት ጠፋብን።

ያልደነገጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስለሺ ከበሩ ሥር ተነሥቶ፣ ጡሩምባውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በሕዝቡ መካከል፣ እሱ ሕዝብ የማይወደው ሰው፣ እየሰነጠቀ መጣ። የካፖርቴን እጅጌ ያዘ። ከዚያም ያን ወፍራም፣ ረዥም ድምፅ ከጉሮሮው አወጣ፤ ስገባ ስገባ የሚያሰማውን፣ ማጉረምረም ያልሁትን። ጡሩምባው እዚያው በእጁ ላይ ስለ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱን ድምፆች በሐሳቤ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። አንድ ናቸው። ሲጨርስም ጡሩምባውን መሬት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው፤ ሥራውን ጨርሶ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ጠራኝ፤ መጣሁ፤ አለቀ።

«ምንድን ነው ይህ?» አልኋት ጽጌን።

ልጅቷ እየሣቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ አይለይም። «የእርስዎ ዜማ ነው አባባ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጡሩምባው። ጡሩምባ ሲነፋ ከቤት ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው? ካፖርትዎን ለብሰው፣ ከዘራዎን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። እሱ የሚያውቀው ይህን ነው። ጡሩምባ ሲሰማ አባቱ ይመጣል። ትናንት ማታ ስላልመጡ ሲያንጎራጉር አደረ፤ ሲጨንቀው ዋናውን አመጣው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሁላችንም በፊት።»

ይህን ጊዜ አስካለ ከማኅበሯ ደረሰች። ድንኳኑን አየች፤ ንፍሮውን አየች፤ እኔን አየች። «ማን ነው የሞተው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኋት።

ነገሩ ከተብራራላት በኋላ፣ ስለ ዜማው ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋት። «ምን ብለን እንንገርህ?» አለች፣ ሁለቱን እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ልጅህ የሚጠራህ በሞት ጡሩምባ ነው ብለን? አንተን? ዓመት ሙሉ ታኮርፍ ነበር እኮ!» ሰው ፊት ባትለው ይሻል ነበር። ሐሰት ነው ግን አላልሁም።

ያን ቀን ሟች የት እንደሚቀመጥ ታወቀ። ቄሱ መስቀላቸውን አውርደው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ከሐዘንተኞቹ ጋር ይቀመጡ፤ ከሁሉም የደነገጡት እርስዎ ነዎት» ብለው ፈረዱ። ስለሺ እጅጌዬን ሳይለቅ ከጎኔ ተቀመጠ። ንፍሮው አንዴ ተቀቅሏልና ተበላ። እኔም በላሁ። ጨው አንሶት ነበር። ከሰዓታት በኋላ ልብ ያልሁት ነገር ቢኖር፣ በራችን ላይ ቆሞ ሰላም ብሎን ይመለስ የነበረው ሰፈር ሁሉ ያን ቀን ውስጥ ገብቶ መቀመጡን ነው። ለካ ሰው ወደ ቤቴ እንዲገባ መሞት ኖሮብኛል።

ወደ ማምሻው ላይ የመኩሪያ ሚኒባስ እስከ መስኮቱ በጭቃ ተለስኖ ተመለሰ። ብቻውን አልነበረም። አንኮበር ደርሶ አረዳቸው፤ እነዚያ በአንዲት የገብስ ማሳ አልታረቅ ያሉኝ የወንድሞቼ ልጆች፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቃቅፈው፣ «ወይኔ አባታችን!» እያሉ፣ «ድንበሩ የአንተ ነው፣ የለም ያንተ ነው» እየተባባሉ፣ እያለቀሱ መጡ። ስኖር ያልሆነልኝ ሞቼ ሆነልኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ በሕይወት መኖሬን ሲያዩ እንባቸውን ጠረጉና ክርክሩን ካቆሙበት ቀጠሉ።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ መኩሪያ ተነሥቶ፣ ጡሩምባ የሕዝብ አደራ መሆኑን ካብራራ በኋላ፣ ስለሺ ከእንግዲህ መሣሪያውን እንዳይነካ፣ ከደጀኔ ጋርም ወደ ሜዳ እንዳይወጣ፣ «ለራሱም ደኅንነት ሲባል ከግቢ እንዳይወጣ» ይወሰን ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። ጉዳዩ የልጄ ስለ ሆነ፣ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ከሊቀመንበሩ ወንበር ተነሥቼ ከተራው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። እዚያ ታች ሆኜ ሰፈሬን አይቼው አላውቅም ነበር። ስለሺ ሜዳውን ካጣ፣ ያ የካልሲ ጦርነት፣ ያ ግንባር መምታት፣ ያ ዝግ በር እንደሚመለስ አውቃለሁ። ካፖርቴን አስተካክዬ ተነሣሁ።

«ልጄ አልተሳሳተም» አልሁ። «እሱ የነፋው አባቱን ለመጥራት ነው፤ አባቱም መጥቷል። ሳንጠይቅ ያለቀስነው እኛ ነን።»

«እኔስ አልጸጸትም» አሉ እማሆይ ዘነበች ከወዲያ። «በዕለቱ የምለውን ከወዲሁ አወቅሁት። ጥቂት ይጨመርበታል።»

«ይቀነስበት እንዳይሆን» አለ አንዱ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። መኩሪያም ሣቀና ሳል ያዘው፤ ስለሺ ከበሩ አጠገብ ያችን የምታስል ዜማ አነሣለት። መኩሪያ ያን ዕለት ነው ዜማ እንዳለው ያወቀው። ሲነገረው ሦስት ጊዜ «እኔን ነው? እውነት እኔን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ተቀመጠ፤ ሐሳቡንም ተወው። በመጨረሻ ስለሺ ከደጀኔ ጋር ወደ ሜዳው መሄዱን እንዲቀጥል፣ ጡሩምባው ግን ለጥንቃቄ ከፍ ባለ ምስማር ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ። ስለሺ ከደጀኔ እንደሚረዝም ማንም አላስታወሰም። እኔም አላስታወስኋቸውም።

ወደ ወንበሬ ከተመለስሁ በኋላ አንድ የራሴን ጉዳይ አቀረብሁ። እኔ ባረፍሁ ጊዜ ጡሩምባ እንዳይነፋልኝ፣ ሰው በስልክ ብቻ እንዲጠራልኝ ጠየቅሁ። «የሊቀመንበር ሞት ያለ ጡሩምባ!» ብለው ተንጫጩ። ምክንያቱን ጠየቁኝ። ትሕትና ነው አልኋቸው። ማንም አላመነኝም።

ለእነሱ ያልነገርሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ያን ዕለት ጡሩምባው ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ያለቅሳል። አንድ ሰው ብቻ አያለቅስም። ያ ሰው ደስ ብሎት ይነሣል፤ በሩ ላይ ይቆማል፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይጠብቃል። ደጀኔ በነፋ ቁጥር፣ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ይላል። ይህን አልወድም።

ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። መኩሪያ ደንቡን ገልጦ፣ «ማንኛውም አባል ሲያርፍ ያለ አንዳች ልዩነት ጡሩምባ ይነፋለታል» የሚለውን አንቀጽ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። በደንብ የተጻፈ አንቀጽ ነው። ያለ አንዳች ልዩነት የምትለዋን ሐረግ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሲጸድቅ ተጨብጭቦልኝ ነበር።

እንግዲህ ሌላ አማራጭ ስለ ጠፋ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ አንገቴ፣ ልጄን ሌላ ዜማ ላስተምረው ተነሣሁ። አጭርና ጨዋ፣ ከጡሩምባ ጋር የማትመሳሰል፣ የአባት ዜማ ናት። በየጠዋቱ ካልሲውን እኔ ነኝ የማለብሰው፤ ተንበርክኬ፣ ጽጌና እናቷ ከጓዳ በር ተደብቀው እየሣቁ እንደሆነ እያወቅሁ፣ እዘፍናለሁ። አዎን፣ እዘፍናለሁ። ስለሺ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያዳምጠኛል። ሁለቱንም እግሮቹን በየተራ ይሰጠኛል። ስጨርስ ጥቂት የሚያስብ ይመስላል።

ከዚያ ያንኑ ጡሩምባውን ያንጎራጉራል።

እኔም ምን ላድርግ፤ ጉልበቴን ይዤ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ በሩ ላይ ሄጄ እቆምለታለሁ።